የመንግሥት ቤት ወይስ የግል? ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ስታወዳድሩ

ሥራ ሲገኝ ምክር አይጠፋም። አባት «የመንግሥት ይሻላል፣ ጡረታ አለው» ይላሉ። ጓደኛ ደግሞ «በዚህ ኑሮ በመንግሥት ደመወዝ ማን ኪራይ ከፈለ?» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ግን ሁለቱም የያዙት የቆየ መረጃ ነው። ጡረታ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለግል ድርጅት ሠራተኛም በሕግ የመጣ መብት ነው። የመንግሥት ደመወዝም በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል።

የሥራ ውላቸውን ይዘው «እስቲ እዩልኝ» የሚሉኝ ወጣቶች አብዛኞቹ አንድ ቁጥር ላይ ብቻ አፍጥጠው ነው የሚመጡት፦ በወር ስንት ይገባል? ቁጥሩ ቀላል ነገር አይደለም። ኪራዩም አስቤዛውም የሚከፈለው በእሱ ነው። ብቻውን ግን ያሳስታል። ከጥቅል ክፍያው ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል? ቃል ከተገባው ውስጥ በወረቀት ላይ የሰፈረው የትኛው ነው? እነዚህ ሦስቱ ሳይታወቁ ሁለት ሥራ ማወዳደር አይቻልም።

መጀመሪያ የትኛው ቤት እንደሆነ ለዩ

«የመንግሥት ሥራ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንቀላቅላለን። አንዱ ሲቪል ሰርቪሱ ነው፦ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ቢሮዎች፣ ወረዳዎች፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች። እዚህ ያለው ሠራተኛ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተተክቷል። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው አዋጅ አላቸው።

ሌላው የመንግሥት የልማት ድርጅት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ኢትዮ ቴሌኮምና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እዚህ ይመደባሉ። ዋናው ባለቤት መንግሥት ነው፤ ሠራተኛው ግን የሚተዳደረው ልክ እንደ ግል ድርጅት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የደመወዝ ስኬሉ የራሱ ነው። ቦነስ አለው። የሠራተኛ ማኅበሩ ከአስተዳደሩ ጋር ተደራድሮ የሚፈርመው የኅብረት ስምምነትም ይኖረዋል። ስለዚህ «መንግሥት ቤት ገባሁ» የሚሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ወረዳ ሌላው ቴሌ ከሆኑ፣ የሚያመሳስላቸው ነገር ጥቂት ነው።

ከዚያ የግል ድርጅት ይመጣል። እዚህ ውስጥ ባንክም፣ ፋብሪካም፣ የግል ትምህርት ቤትም፣ አምስት ሰው የሚሠራበት ቢሮም አለ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኤንጂኦ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። ውሉ ግን የፕሮጀክቱን ዕድሜ ያህል ነው።

እጅ ላይ የሚገባው

የመንግሥቱን ደመወዝ ማወቅ ቀላል ነው። ስኬሉ የታወቀ ነው፤ ደረጃውና እርከኑ ከተነገራችሁ ቁጥሩን ጎረቤትም ይነግራችኋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆነ። ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 አደገ። በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ወጣ።

በግሉ ዘርፍ ግን ወለል የለም። አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን እስካሁን አልተወሰነም። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ የተቀመጠ ቁጥር ግን የለውም። ስለዚህ ተመሳሳይ ዲግሪ የያዙ ሁለት ልጆች፣ አንዷ ባንክ ገብታ ከመንግሥት መነሻ ብዙ የሚበልጥ ልታገኝ፣ ሌላዋ ትንሽ ቢሮ ገብታ ከመንግሥት መነሻ ያነሰ ልትቀበል ትችላለች። «የግል ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚለው ወሬ ከ2018 ጭማሪ ወዲህ ለብዙ ጀማሪ ሥራዎች እውነት መሆኑን አቁሟል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። የገቢ ግብሩ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሎ፣ እስከ 2,000 ብር ያለው ነፃ ሆኗል። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። በመሃል 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ አለ። ጡረታ ደግሞ በሁለቱም ዘርፍ አንድ ነው፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

የመንግሥት ጀማሪው 11,500 ብር ላይ ግብሩ 2,100 ብር ነው። ጡረታው 805 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 8,595 ብር።

ለማወዳደሪያ አንድ የግል ድርጅት 16,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ አቀረበ እንበል። ግብሩ 3,550፣ ጡረታው 1,120፣ የተጣራው 11,330 ብር ይሆናል። በግሮስ (ሳይቆረጥ) 4,500 ብር የነበረው ልዩነት በኔት (ተቆርጦ) 2,735 ብር ሆነ ማለት ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ሰው ሲያወራ እንደሚሰማው ትልቅ አይደለም። የሥራ ጥሪ ሲመጣላችሁ በግሮስ አትወስኑ፤ ወረቀት አንስታችሁ ኔቱን አውጡት።

መሠረታዊ ደመወዝ የምትለው መስመር

ሰው በብዛት የሚጎዳበት ቦታ ይህ ስለሆነ እዚህ ጋ ረጋ ብዬ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

አንዳንድ ድርጅት «16,000 ብር እንከፍላለን» ይላል። ውሉ ሲመጣ ግን እንዲህ ይላል፦ መሠረታዊ ደመወዝ 9,000፣ የቤት አበል 3,500፣ የትራንስፖርት አበል 2,500፣ የስልክ 1,000። ድምሩ 16,000 ነው። ውሸት የለበትም። እንዲያውም አበሎቹ በሙሉ ግብር የሚከፈልባቸው ቢሆኑ እንኳ፣ ጡረታ የሚቆረጠው ከ9,000 ላይ ብቻ ስለሆነ 630 ብር ነው የሚሄደው። ኔቱ 11,820 ብር ይሆናል። ሙሉውን በመሠረታዊ ደመወዝ ከሚከፍለው ድርጅት በወር 490 ብር ይበልጣል። ስለዚህ ውሉ የቀረበላት ልጅ ደስ ብሏት ትፈርማለች።

አሁን ደግሞ ከ490 ብሩ ጀርባ ያለውን እንይ።

መጀመሪያ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ነው። በ16,000 ላይ 1,760 ብር ይከፍልላት ነበር። በ9,000 ላይ 990 ብር ብቻ ነው። በየወሩ 770 ብር ከጡረታ መዋጮዋ ቀረ።

ቀጥሎ የጡረታ አበሉ ራሱ አለ። የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ላገለገለ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። 30 ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። የዛሬውን ቁጥር እንዳለ ብንወስድ፣ በ16,000 ላይ 8,800 ብር ነው። በ9,000 ላይ 4,950 ብር። ያው ሥራ፣ ያው ዘመን፣ የጡረታው ልዩነት ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ትርፍ ሰዓትም የሚሰላው በዚሁ መስመር ነው። በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። በወር 208 ሰዓት የሚሠራ ሰው መሠረታዊ ደመወዙ 9,000 ከሆነ የአንድ ቀን ትርፍ ሰዓቱ 65 ብር ገደማ ነው። 16,000 ከሆነ 115 ብር።

የሥራ ስንብት ክፍያውም እንደዚያው። አምስት ዓመት ሠርታ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ለእያንዳንዱ የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል፤ ምክንያቱ ቅነሳ ስለሆነም የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። በ9,000 ሲሰላ 39,000 ብር ነው። በ16,000 ሲሰላ ከ69,000 ብር ይበልጣል። ሥራ በሌለበት ወራት ይህ ልዩነት የወራት ኪራይ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ «ደመወዝ» ሲል አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንንና ትርፍ ሰዓትን አይጨምርም። ስለዚህ ቅጥር ክፍሉ ጋ ስትቀርቡ «ደመወዙ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው?» በሉ። ለመደራደር ዕድል ካገኛችሁም አበሉን ከማስጨመር መሠረታዊውን አስጨምሩ።

በመንግሥት በኩል ይህ ችግር እምብዛም የለም፤ የስኬሉ ደመወዝ ራሱ መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ መደራደር አይቻልም። ሥራው በምዘና ተመዝኖ ደረጃ ተሰጥቶታል፣ ለደረጃው መነሻ አለው፣ እርከኑ እየቆየ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ አለቃችሁ በራሱ ሥልጣን አንድ ሺህ ብር መጨመር አይችልም። የእርከን ጭማሪውም በጀት ሲጠብቅ የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰዓቱን ወደ ብር ቀይሩት

የፌዴራል መሥሪያ ቤት የተለመደ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከዚያ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሲባል ለምሳ የሚወጣው 5:30 ላይ ነው። ድምሩ በሳምንት 39 ሰዓት ነው። ቅዳሜ የለም።

አዋጅ 1156 ለግሉ የፈቀደው በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ቢሮ ብዙ ነው፤ ሙሉ ቀን የሚሠራም አለ።

ከላይ ያሉትን ሁለት ሥራዎች በሰዓት እንካፈላቸው። የመንግሥቱ 8,595 ብር በወር ለ169 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 51 ብር ገደማ። የግሉ 11,330 ብር፣ ድርጅቱ 48 ሰዓት የሚያሠራ ከሆነ፣ ለ208 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 54 ብር ከ50 ገደማ። ያ ሁሉ ልዩነት በሰዓት ሦስት ብር ከምናምን ሆነ።

ይህ ማለት ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ኪራይ በሰዓት አይከፈልም፤ ወር ሲሞላ ሙሉውን ነው የሚጠይቀው። ግን ትርፏን ሰዓት የምትጠቀሙበት ነገር ካላችሁ ስሌቱ ይለወጣል። ማታ ማስተርስ የሚማር፣ ቅዳሜ የሚያስጠና፣ የሒሳብ መዝገብ የሚሠራ፣ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ዘንድ ያቺ ዘጠኝ ሰዓት ገንዘብ ናት። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ኑሮውን የሚደጉመው እንደዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ የመንግሥት ሆስፒታል ውሎ ማታ የግል ክሊኒክ የሚገባ ሐኪምም ያው ነው። ድካሙ ሰውን ይጨርሳል፤ እንደ መፍትሔ አላቀርበውም። የጤና ባለሙያዎች በ2017 ዓ.ም. ክፍያቸውን በተመለከተ አደባባይ የወጣ ጥያቄ ያነሱት በከንቱ አልነበረም።

የመመላለሻውንም ሰዓት ጨምሩ። በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ፈቃድ፣ ወሊድ፣ ሕመም

የዓመት ፈቃድ በግሉ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የመንግሥት ሠራተኛው ለረጅም ዘመን የቆየው ደንብ በ20 የሥራ ቀን ይጀምርና በየዓመቱ አንድ እየጨመረ እስከ 30 ይደርሳል። አሥር ዓመት የሠሩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ ከሳምንት በላይ ነው።

የወሊድ ፈቃድ በአዋጅ 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። በወረቀት ላይ የግሉ ሠራተኛ ከመንግሥቷ ሠራተኛ ያነሰ አላገኘችም። በተግባር ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ስትመለስ ቦታዋ ይጠብቃታል? ማጥቢያ ሰዓት ይሰጣታል? ሕፃን ማቆያ አለ? አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል። ትንሽ ልጅ ላላት እናት ይህ ከብዙ ሺህ ብር አበል ይበልጣል፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሞግዚት ስንት እንደምትጠይቅ የሚያውቅ አይጠራጠርም። ለአባት ደግሞ የግሉ ሕግ የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው።

ሕመምን ሰው አያስበውም። በግሉ ዘርፍ ከሙከራ ጊዜ በኋላ የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ቤታችሁን የምታስተዳድሩት ብቻችሁን ከሆነ ይህን መስመር ደግማችሁ አንብቡት።

በፔይሮል ላይ የማይታየው

የመንግሥት ሠራተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋትና ማታ የፐብሊክ ሰርቪስ ባስ ይሳፈራል። መታወቂያውን ያሳያል፣ አይከፍልም። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ እየተመላለሰ በታክሲ የሚሠራ ሰው በወር የሚያወጣውን ደምሩና ከ8,595 ብሩ ላይ ጨምሩት። መሥመሩ በሰፈራችሁ ካላለፈ ግን ይህ ጥቅም ለእናንተ የለም።

ትምህርት ሌላው ነው። መሥሪያ ቤቱ ልኮ ማስተርስ የሚያስተምረው ሠራተኛ ጥቂት አይደለም፤ ደመወዙ ሳይቋረጥ የሚማርም አለ። በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ውል ይፈርማል። ውሉን ሳይጨርስ ከለቀቀ ወጪውን ይጠየቃል።

የቁጠባና ብድር ማኅበሩን አትርሱ። አብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ አለው። በየወሩ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የቁጠባውን እጥፍ እያሰበ ያበድራል። ባንክ ደጅ የማያስገባውን ሰው ልጅ ያስመረቀው፣ ጣሪያ ያስቀየረው ይህ ማኅበር ነው።

ከዚያ ደግሞ ተያዥነት። ገንዘብ ነክ ሥራ የሚቀጥር ድርጅት ተያዥ አምጡ ይላል። የሚፈለገውም ቋሚ የሆነ፣ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው ነው። የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ በዘመድ ዘንድ የሚከበርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ክብሩ ግን ኃላፊነትም ነው፤ የምትፈርሙለት ሰው ገንዘብ ቢያጎድል ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

በቤት በኩል፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣባቸው ዙሮች 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች ተለይቶ ነበር። ይህ ዕድል እንጂ ደመወዝ አይደለም። በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ ሥራ አትምረጡ። የውሎ አበልም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ክፍል ወር በገባ ቁጥር ለመስክ ይወጣል፣ ሌላው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ከወንበሩ አይነሳም።

ወደ ግሉ እንሂድ። ትልቁ ጥቅም ብዙ ጊዜ የሕክምና ሽፋን ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ለዓመታት ሳይተገበር በመቆየቱ፣ አሠሪው የሚሸፍነው ሕክምና ትልቅ ዋጋ አለው። ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ሽፋኑ ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ለባለቤትና ለልጅም? በዓመት ጣሪያው ስንት ነው? ሆስፒታሉ በቀጥታ ድርጅቱን ያስከፍላል ወይስ ራሳችሁ ከፍላችሁ በደረሰኝ ነው የሚመለስላችሁ? በደረሰኝ ከሆነ ድንገት ስትታመሙ ገንዘቡ ከኪሳችሁ መኖር አለበት።

ባንክ ውስጥ ደግሞ የሠራተኛ ብድር አለ። ለቤትም ለመኪናም፣ ወለዱ ከገበያው በብዙ የቀነሰ። በእኔ ግምት ዛሬ በአገራችን ደመወዝተኛ ቤት የሚገዛበት ዋነኛው መንገድ ይህ ነው። የደመወዝ ልዩነትን ሁሉ የሚያስረሳ ጥቅም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማግኛው የአገልግሎት ዓመት ይጠይቃል፤ ከለቀቃችሁ ደግሞ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ከፍ ይላል፣ ወይም ቀሪውን ክፈሉ ትባላላችሁ። ብድር ያለበት ሠራተኛ የተሻለ ሥራ ቢመጣለትም ለመንቀሳቀስ ይቸገራል። ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

ቦነስን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ በውል ወይም በኅብረት ስምምነት ካልተጻፈ እንደሌለ ቁጠሩት። «አምና ሦስት ደመወዝ ሰጥተናል» ማለት ዘንድሮም ይሰጣሉ ማለት አይደለም።

ሥራው ይቀጥላል?

«መንግሥት አያባርርም» የሚለው አባባል ዛሬ ሙሉ እውነት አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ሠራተኞቹን ለምዘና ፈተና አስቀምጧል። መዋቅር በተጠና ቁጥር ምደባ ይመጣል፣ ምደባ በመጣ ቁጥር ሰው ይጨነቃል። በመንግሥት ቤት በኮንትራት የተቀጠረ ሰው ደግሞ ከቋሚው ጋር በፍጹም አይወዳደርም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋርጧል። ሥራቸው በመንግሥት ጤና ተቋም ነበር። ቢሆንም ቋሚ ሠራተኛን ማሰናበት ረጅም መንገድ አለው፤ ይግባኝ የሚባልበት አስተዳደር ፍርድ ቤትም አለ።

በግሉ፣ ከሙከራ ጊዜ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ማባረር ሕገ ወጥ ነው። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በመንግሥት 6 ወር ሆኖ የቆየ ነው። ማስጠንቀቂያው እንደ አገልግሎቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። ግን ገበያ ሲበላሽ ሕግ ሥራ አይፈጥርም። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ (ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ስትወጣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሠራተኛ ሥራ ያጣው ለዚህ ነው። የግሉ ሠራተኛ ያለው ሌላ ጉልበት መደራጀት ነው። የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት፣ በኢሠማኮ (በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ሥር ባሉ ፌዴሬሽኖች መታቀፍ፣ የኅብረት ስምምነት መፈረም ይችላል። የምትገቡበት ድርጅት ማኅበር ካለው ስምምነቱን ለምናችሁም ቢሆን አንብቡት፤ ከቅጥር ደብዳቤው የበለጠ ይነግራችኋል።

ለማን የቱ?

ሃያዎቹ ውስጥ ያላችሁ፣ የምታስተዳድሩት ሰው የሌላችሁ፣ ሙያችሁ ገበያ ያለው ከሆነ፦ ሒሳብ፣ ሶፍትዌር፣ ምሕንድስና፣ ሽያጭ። መሠረታዊ ደመወዙ ከመንግሥት መነሻ ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ የግል ሥራ ካገኛችሁ ሂዱ። ደመወዝ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሥራ በመቀየር የሚያድገው እዚያ ነው። ልዩነቱ ሁለት ሺህ ብር ግሮስ ብቻ ከሆነ፣ ቅዳሜም የሚሠራ ከሆነ፣ መንግሥቱን እመርጣለሁ።

መማር የምትፈልጉ፣ ልጅ ልትወልዱ ያሰባችሁ፣ ወይም ጎን ለጎን የራሳችሁን ነገር የምትጀምሩ፦ የመንግሥት ቤት ሰዓቱና ፈቃዱ ያግዛችኋል። ክፍለ ሀገር ከሆናችሁም እንዲሁ። በትንሽ ከተማ ያለው የግል ድርጅት ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ስኬል በታች ነው የሚከፍለው።

መምህር ከሆናችሁ የግል ትምህርት ቤት የክረምት ደመወዝ ይከፍል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአሥር ወር ውል ይዞ ሐምሌና ነሐሴን በብድር የሚያሳልፍ መምህር ማየት ያሳዝነኛል። የመንግሥት መምህር ክረምቱም ይከፈለዋል።

ሃምሳን የተሻገራችሁ ደግሞ የጡረታውን ስሌት ቀድማችሁ ሥሩ። መጨረሻ ሦስት ዓመታት ላይ መሠረታዊ ደመወዙ ዝቅ ወዳለ፣ አበሉ ከፍ ወዳለ ሥራ መሄድ ዕድሜ ልክ ይከተላችኋል። ምርጫው ካላችሁ የልማት ድርጅትን አትለፉት፤ ከግሉ የተሻለ ጽናት፣ ከሲቪል ሰርቪሱ የተሻለ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ውድድሩም በዚያው ልክ ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ

መልካሙ ዜና የአገልግሎት ዘመን አይጠፋም። በመንግሥት የሠራችሁት ከግሉ ጋር፣ የግሉም ከመንግሥት ጋር ተደምሮ ለጡረታ ይታሰባል። ይህ በአዋጅ 1267/2014 እና 1268/2014 የተደነገገ ነው።

ለዚህ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉበት። ክሊራንሱን ጨርሱ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የተቀጠራችሁበት ቀን፣ የለቀቃችሁበት ቀን፣ የሥራ መደቡና የመጨረሻው ደመወዝ መጻፉን አረጋግጡ፤ ግብርና ጡረታ እየተቆረጠ ይከፈል እንደነበርም ይግለጽ። ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር የሌለችበት የግል ድርጅት ልምድ በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ላይ አይያዝም።

የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ እየቆረጠ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የማያስገባ አሠሪ አለ፤ ሠራተኛው የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በአካል ቀርባችሁ መዋጮው በስማችሁ መግባቱን ጠይቁ። ክፍተት ከተገኘ ድርጅቱ ሳይዘጋ፣ እናንተም ሳትለቁ ማስተካከሉ ይቀላል።